ከድሬ ያመጣነው ቦይለር ለምን ከግድግዳ ወረደ

ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠው። ይህን ቦይለር አትግዙ። ገዝታችሁ ከሆነም ጽሑፉን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ከሶኬት ንቀሉት።

የማወራው ስለ ነጩ፣ ክብ ስለሆነው፣ 50 ሊትር ይይዛል ስለሚባለው፣ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ቁጥር ስለሚያበራው ቦይለር ነው። ስሙን እንዳልጽፍላችሁ ስም የለውም። ካርቶኑን አገላብጬ አይቻለሁ፣ ገላው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀትም አንብቤያለሁ። 220 ቮልት ይላል፣ 1500 ዋት ይላል፣ በቃ። የፋብሪካ ስም የለ፣ የተሠራበት አገር የለ፣ የምርት ቁጥር የለ። ዕቃ ሲበላሽ የሚጠየቅ አካል መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ከሻጩ በቀር የሚጠየቅ የለም። ሻጩም እንዴት እንደመለሰልኝ እነግራችኋለሁ።

የድሬ ልጆች «አቦ፣ በዚህ ሙቀት ቦይለር ምን ያደርጋል» ትሉ ይሆናል። ለድሬ እውነት ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሮቶ ራሱ ቦይለር ነው። እኛ የምንኖርባት ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ደንገጎን ሽቅብ ከወጣችሁ በኋላ አየሩ ሌላ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ማለዳ አጥንት ድረስ ይሰማል። እኛ ቤት ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉ። እናቴም አብራን ናት፣ ጉልበቷን ያማታል። ለእሷ ሙቅ ውሃ ቅንጦት አይደለም።

ሐረር ሸዋ በር አካባቢም ቦይለር ይሸጣል። ድሬ ግን አሸዋና ታይዋን ስላሉ ምርጫው ይበዛል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። በእርግጥም ቀነሰ፤ ስም ካላቸው ቦይለሮች ጋር ሳወዳድረው ልዩነቱ የሚናቅ አልነበረም። ሻጩ ጨዋ ሰው ነው፣ ይህን አልክድም። አስቀምጦ ሻይ ጋበዘን፣ ቦይለሩን ሶኬት ላይ ሰክቶ ቁጥሩ ሲበራ አሳየን። (ውሃ የሌለው ቦይለር መሰካት ራሱ ትክክል አይደለም። ሪዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ሙቀቱን የሚያራግፍበት ውሃ ከሌለ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ሲያሳዩዋችሁ አስቁሟቸው።) «ሴፍቲ ቫልቩስ የት አለ?» ብዬ ጠየቅኩት፣ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰውን ማለቴ ነው። «እሱ የድሮዎቹ ላይ ነው፣ ይሄ ዲጂታል ነው፣ ራሱን ይቆጣጠራል» አለኝ። ይህ መልስ ትክክል አይደለም። ቁጥር የሚያበራም ይሁን በእጅ የሚዞር፣ በተዘጋ ታንክ ውስጥ ውሃ የሚያሞቅ ማንኛውም ቦይለር ቫልቭ ያስፈልገዋል። ምክንያቱን እመለስበታለሁ። ደረሰኝ አስቆርጬ፣ የ6 ወር ዋስትና የሚል ወረቀት ይዤ ወጣሁ።

የገጠመው ሱቁ የላከው ልጅ ነው። ቶሎ ጨረሰ፣ በጣም ቶሎ። ሙሉ ቦይለር ስንት እንደሚመዝን አስቡት፤ 50 ሊትር ውሃ 50 ኪሎ ነው፣ የቦይለሩ ገላ ሲጨመርበት ከ60 ኪሎ በላይ ይሆናል። ይህን ክብደት በአጫጭር ፊሸሮች ሰቀለው። የሐረር አሮጌ ቤት ግድግዳ ደግሞ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ላይ ላዩን ልስኑ ያምራል፣ ውስጡ ግን ይፈረፈራል። ጀጎል ውስጥም ሆነ እንደኛ ከግንቡ ውጭ ሸንኮር አካባቢ አሮጌ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ይህን ታውቁታላችሁ። ቦይለሩ እታች ካለው ሰው ራስ በላይ ነው የሚሰቀለው። ረጅም ብሎን፣ ጠንካራ ድንጋይ ያለበት ቦታ፣ ካልሆነም ከግድግዳው ማዶ አልፎ የሚታሰር ብረት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሠራ። እውነቱን ለመናገር ከጠበቅነው በላይ ፈጠነ። 1500 ዋት የሆነ ቦይለር 50 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። የኛው ከዚያ ቀድሞ ይጨርሳል። ለምን እንደሚፈጥን ያወቅነው በኋላ፣ ሶኬቱ ሲቀልጥ ነው።

ከዚያ ማቋረጥ ጀመረ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው። ማታ እንሰካዋለን፣ ጠዋት ውሃው ለብ ብሎ ይቀራል። ቁጥሩ ይበራል፣ 55 ይላል፣ ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነው። መጀመሪያ መብራቱ ነው ብለን ነበር። የመብራቱ ጉልበት ሲወርድ ቦይለር ይዳከማል፣ ይህ ያለ ነገር ነው፤ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ የማሞቅ አቅሙ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ቦይለራችሁ ቢዘገይ አትደንግጡ። የኛው ግን ሌሊት፣ መብራቱ ሙሉ ሆኖም ያቋርጣል።

ሱቁ ጋ ደወልኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ሰጥቷችኋል። እኔም ይቀየርልኝ ብዬ ጠየቅኩ። «መቀየር ምን ያደርግልሻል፣ ባለሙያ ልኬ በነጻ አሠራልሻለሁ» አለ ሻጩ። ያው የገጠመው ልጅ መጣ። የታችኛውን ክዳን ከፈተ፣ ትንሽ ነካካ፣ ዘጋ። «አሁን አያቋርጥም» አለ። በእርግጥም ከዚያ በኋላ አላቋረጠም።

ችግሩም ያ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃው መፍላት ጀመረ። ሙቅ ሆነ ማለቴ አይደለም፣ ፈላ። ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ እንፋሎት ተፍቶ፣ አየር እያወጣ፣ እየተንዶቀዶቀ ነው ውሃው የሚመጣው። ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከቧንቧው እንፋሎት ከወጣ ታንኩ ውስጥ ያለው ውሃ እዚያ ደርሷል ወይም አልፎታል ማለት ነው። ሰማያዊው ቁጥር አሁንም 55 ይላል።

ልጄ እጇን ልትታጠብ ቧንቧውን ከፈተች። ጮኸች። እግዚአብሔር ይመስገን እጇ ቀልቶ ቀረ፣ ቆዳው አልተላጠም። 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ አዋቂ ሰውን እንኳ በ5 ሴኮንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የልጅ ቆዳ ስስ ነው፣ ጊዜው ከዚያም ያጥራል። 90 ዲግሪ ላይ ስለ ሴኮንድ ማውራት ራሱ የለም። ጎረቤት የጥርስ ሳሙና ይዛ እየሮጠች መጣች፣ ሌላዋ ቅቤ አለች፣ በቅን ልብ ነው። ሁለቱንም አትቀቡ። የተቃጠለውን ቦታ ወራጅ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ መያዝ ነው። በረዶም አይደለም፣ ቅባትም አይደለም። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ከጀሪካን እየቀዱ ማፍሰስ ይቻላል፣ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

እንደገና ደወልኩ። «ቁጥሩን 40 ላይ አድርጉት» ተባልኩ። 40 ላይ አደረግነው። አሁንም ፈላ።

ቀጥሎ እናቴ ሻወሩን ስትነካ «ይነዝረኛል» አለች። የሻወሩን ብረት በእርጥብ እጅ ስትይዘው ክንዷ ድረስ ይሰማታል። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር «ትንሽ ነው» ብለው ይተዉታል። እባካችሁ እናትና አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ ቦይለር ያለበት ቤት ውስጥ ሻወር፣ ቧንቧ፣ እርጥብ ግድግዳ ሲነኩ የሚሰማቸው ነገር ካለ ያንኑ ቀን ብሬከሩን አጥፉ። ጫማ አድርጎ መታጠብ መፍትሔ አይደለም። ዛሬ የነዘረ ነገ ሊይዝ ይችላል፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው እርጥብ ነው፣ ባዶ እግሩን ነው፣ በሩን ቆልፏል።

ቦይለሩን ልንነቅል ስንሄድ ስፒናው አልወጣም። ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር ተጣብቋል፣ ግድግዳው ጠቁሯል። ዋናውን ብሬከር አጥፍተን ተውነው። በማግስቱ በሰው በሰው ጠይቀን አንድ ኤሌክትሪሺያን አገኘን። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ሐረር ውስጥ ብዙ ዓመት በሆቴልና በመኖሪያ ቤት ቦይለር የሠሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን ሳላስፈቅድ አልጽፍም።

ሰውየው ሲመጡ በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር አለመንካት ነበር። ቆመው አዩት። ቀዝቃዛ ውሃ የሚገባበትን መስመር በጣታቸው እያሳዩ «ቫልቩ የታለ?» አሉኝ፣ እኔ ሻጩን የጠየቅኩትን ጥያቄ ማለት ነው። ተገጥሞ የነበረው ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቼክ ቫልቭ ብቻ ነው። «ይሄማ የባሰ ነው» አሉ። ለምን እንደሆነ ያስረዱኝን በራሴ ቃል ልንገራችሁ፣ ከጽሑፉ ሁሉ ይህን ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሄድ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራል። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ሳለ፣ ወደ ኋላም መመለሻ ከሌለው፣ ይህ ትርፍ ውሃ የት ይሂድ? ታንኩን ይገፋል። ሴፍቲ ቫልቭ ግፊቱ 8 ባር አካባቢ ሲደርስ ተከፍቶ ትንሽ ውሃ ይለቅቃል፣ ሥራው ይህ ነው። አሁን በዚህ ላይ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ተርሞስታት ሳይቆርጥ ቀርቶ ውሃው እየጋለ ቢሄድስ? በተዘጋ ታንክ ውስጥ ግፊት ስላለ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ አልፎም እንፋሎት ሳይሆን ይቆያል። ታንኩ የተሰነጠቀ ጊዜ ግን ግፊቱ ይለቃል፣ የጋለው ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ወደ 1,700 ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይፈልጋል። ቦይለር ፈንድቶ ጣሪያ ነቀለ ሲባል የምትሰሙት ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ ቫልቭ «ያንጠባጥባል» ብሎ በቴፍሎንና በብሎን የሚደፍን ባለሙያ ቤታችሁ ቢመጣ በትሕትና ሸኙት። ሲያሞቅ ጥቂት ማንጠባጠብ ጤነኛ ነው። ቀኑን ሙሉ፣ ሳያሞቅም የሚፈስ ከሆነ ወይ ቫልቩ ተበላሽቷል ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፣ ያን ጊዜ ይቀየራል እንጂ አይደፈንም።

ከዚያ ክዳኑን ፈቱት። ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ይሄን ማን ነካው?» አሉኝ።

ቦይለር ውስጥ ሁለት ጠባቂ አለ። አንዱ ተርሞስታቱ ነው፣ ውሃው የተፈለገው ሙቀት ሲደርስ ይቆርጣል። ሌላው ተርሞስታቱ ቢበላሽ፣ ሙቀቱ ወደ 90 ሲጠጋ ጭራሽ የሚያጠፋው ነው፣ በብዙዎቹ ላይ ካልተጫነ የማይመለስ ትንሽ ቀይ ቁልፍ አለው። የኛ ቦይለር መጀመሪያ ያቋርጥ የነበረው ይህ ሁለተኛው ጠባቂ ሥራውን እየሠራ ስለነበር ነው። ተርሞስታቱ ከመነሻው አይቆርጥም ነበር። ሱቁ የላከው ልጅ ተርሞስታቱን በመቀየር ፋንታ ጠባቂውን በሽቦ አልፎት ሄደ። አንዱን ሽቦ ነቅሎ ከሌላው ጋር አስሮ በናስትሮ ጠቅልሎታል። «አሁን አያቋርጥም» ያለን ለዚህ ነው። ልጆች ያሉበት ቤት መሆኑን አይቷል፣ እናቴ ቡና አፍልታለታለች። ይህን ስጽፍ እንኳ ያንገበግበኛል።

ሪዚስታንሱ ሲወጣ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። የውሃችን ነገር ነው። ሐረር ድሮ ከሐረማያ ሐይቅ ነበር የምትጠጣው፤ ሐይቁ በ1990ዎቹ ከደረቀ በኋላ ውሃው ከድሬ ዳዋ አካባቢ፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች፣ ሽቅብ እየተገፋ ነው የሚመጣልን። የድሬ የከርሰ ምድር ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ ብታዩ ይገባችኋል። ቅርፊቱ ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳይወጣ ያፍናል፣ ሪዚስታንሱ ውስጡ ይግልና ይሰነጠቃል። የኛው በጥቂት ወር ውስጥ ተሰንጥቋል፣ መብራቱም በስንጥቁ በኩል ወደ ውሃው ይወጣል። የነዘረው እሱ ነው። ታንኩን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዥየም ዘንግም የለም፤ የሚገባበት ቀዳዳ በቡሽ ተደፍኗል። ከፋብሪካው ሳይገባ የተሸጠ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ ቢኖር ኖሮ የሚያፈሰው መብራት በእሱ በኩል ወደ መሬት ይሄድ ነበር። ኧርዝ የለም። የቦይለሩ ገመድ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ አለው፣ ሶኬቱም ብረቱ አለው፣ ከሶኬቱ ኋላ ግን ያ ሽቦ የትም አይሄድም። የብዙ አሮጌ ቤት ሶኬት እንዲሁ ነው። ድሮ ቧንቧው ብረት ስለነበር ቢያንስ እሱ መሬት ይነካ ነበር። አሁን ሁሉም ፒፒአር ፕላስቲክ ሆኗል፣ ስለዚህ መብራቱ የሚሄድበት መንገድ የሚታጠበው ሰው ብቻ ነው።

ስለ ሶኬቱ መቅለጥ ደግሞ። ሰውየው ከገመዱ አንዱን ሽቦ በክላምፕ፣ አምፔር በሚለካው መሣሪያ፣ ለኩት። 1500 ዋት የሆነ ዕቃ በ220 ቮልት ከ7 አምፔር አይበልጥም። የኛው ከ9 በላይ ይጎትታል፣ ወደ 2000 ዋት ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት አይደለም። ገመዱንም ቆርጠው አሳዩኝ፣ ውጩ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ለሬዲዮ የሚሆን ቀጭን ነው።

እነዚህን ሁሉ ፎቶ አንስቼ፣ ደረሰኙንና የዋስትናውን ወረቀት ይዤ ድሬ ወረድኩ። ሻጩ በመጀመሪያ «የቤታችሁ መስመር ነው ያበላሸው» አለ። በሽቦ የታለፈውን ጠባቂ አሳየሁት። «ሌላ ሰው ስለከፈተው ዋስትናው ወድቋል» አለ። ከሌላው ሰው በፊት የከፈተው የእሱ ልጅ እንደሆነ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ ገንዘብ ጨምሬ ሌላ እንድወስድ ጠየቀኝ፣ ያውም ከዚያው ዓይነት። አልፈለግኩም። እንደ ሰው ክፉ አይመስለኝም፣ ግን የሚሸጠው ዕቃ ሰው እንደሚገድል ከነፎቶው አይቶ እኔ ስወጣ ሌሎቹ ደጃፉ ላይ እንደተደረደሩ ናቸው። ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ቦይለር በሌለበት ጊዜ እንዴት ታጠባችሁ ላላችሁኝ፣ ኩሽና ውስጥ ድስት ጥደን ነው። ባልዲ ውስጥ የሚነከረውን ኮይል አልገዛሁም፣ ልጅ ያለበት ቤት አይገባም። አንዲት ዘመዳችን ደግሞ እናቴ እንዳይበርዳት ከሰል አቀጣጥለን መታጠቢያ ቤት እንድናስገባላት መከረችን። ፈጽሞ። ከከሰል የሚወጣው ጋዝ በሩ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሽታ ሳይኖረው ሰው ያፍናል፣ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ቢያልፍለትም እንኳ።

አሁን ወደ ምስጋናው። ባለሙያው ርካሽ አይደሉም፣ በቀጠሯቸውም ሰዓት አይመጡም፣ ይህን ካሁኑ እወቁ። ጠዋት ብለው ከሰዓት በኋላ ነው የሚደርሱት። ሥራቸው ግን ሥራ ነው። የድሮውን ቦይለር አልጠግንም አሉ፣ «ብጠግነው ገንዘብሽን እበላለሁ፣ ሌሊት ግን አልተኛም» አሉኝ። አዲስ ስንገዛ አብረውኝ ሱቅ ድረስ ሄዱ፣ ዋጋው ላይ ሳይሆን ክዳኑ ላይ ነው ዓይናቸው፤ ቫልቩ ሳጥኑ ውስጥ መኖሩን፣ የአምራቹን ስምና ቁጥር፣ ዘንጉ መግባቱን፣ ሁለተኛው ጠባቂ መኖሩን አንድ በአንድ አስከፍተው አዩ። ሻጩ ተሰላቸ፣ እሳቸው አልተሰላቹም።

ለኧርዙ ግቢ መቆፈር ያስፈልግ ነበር። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ አከራያችንን ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ከልጆቹ ምን ይበልጣል፣ ቆፍሩ» አሉ፣ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። የመዳብ ዘንግ ጥላ ያለበት፣ እርጥበት የማይጠፋው ቦታ ላይ መሬት ውስጥ ተመታ። ከቆጣሪው ለቦይለሩ ብቻ አዲስ መስመር በ4 ካሬ ሽቦ መጣ፣ 16 አምፔር ብሬከር ገባለት፣ ስፒና የሚባል ነገር ቀረ። ከሁሉም የወደድኩት 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ መብራቱን በቅጽበት የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ባለሙያው መሞከሪያ ቁልፉን ለእናቴ አሳይተው በየወሩ እንድትጫነው ነገሯት። ትጫናለች፣ አትረሳም።

አዲሱ ቦይለር 60 ላይ ተደርጎ ይሠራል። ከዚያ በታች ታንኩ ውስጥ ባክቴሪያ ሊራባ ስለሚችል ነው፤ ቧንቧው ጋ ሲደርስ ከቀዝቃዛው ጋር እንዲቀላቀል ማቀላቀያ ገብቶለታል። የከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሲጠፋ እናጠፋዋለን፤ ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሙቁ ቧንቧ ይከፈታል፣ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ ሲወርድ ብቻ ይበራል። በዓመት አንዴ ሪዚስታንሱ ወጥቶ በአቼቶ ይታጠባል፣ ዘንጉም ይታያል። የዚህ ሁሉ ወጪ ከመጀመሪያው ቦይለር ዋጋ በልጧል፣ አልዋሻችሁም። አከራያችን የኧርዙን ግማሽ ከኪራዩ ቀንሰውልናል፤ ተከራዮች ጠይቁ፣ ዘንጉ ከግቢው ጋር የሚቀር ነው።

የድሮውን ቁራሌ በደኅና ዋጋ ሊገዛኝ ፈልጎ ነበር። ቀጥ አድርጎ ጠግኖ እንደሚሸጠው ስለገባኝ ገመዱን ቆርጬ፣ ሪዚስታንሱን አውጥቼ፣ ታንኩን አስበስቼ ነው በኪሎ የሰጠሁት። ደረሰኙን፣ ፎቶዎቹንና ባለሙያው የጻፉልኝን ወረቀት አያይዤ ድሬ ለሚመለከተው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገብቻለሁ፣ ቅጂውም ቀን ተጽፎበት እጄ ላይ አለ። ያንኑ ዓይነት ቦይለር የገዛችሁ ካላችሁ እናንተም ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ አቤቱታው ሲበዛ ዕቃውን ከየሱቁ ለማስነሳት ይቀላል።